መጀመሪያ መኝታ፣ ከዚያ አውሮፕላን!

አውሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ አንገቱን ሳያቀና የማይቀር ወጣት በየሰፈሩ አለ። እንዲህ ያለው ሰው ስለ ኦሽኮሽ ከሰማ በቃ፣ እንቅልፍ የለውም!

ኦሽኮሽ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት የምትገኝ፣ 66 ሺህ ያህል ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። በየዓመቱ በእኛ ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ለአንድ ሳምንት «ኤርቬንቸር» የተሰኘ የአውሮፕላን ትርዒት ይካሄድባታል። ባለ አውሮፕላኑ የራሱን እያበረረ ይመጣል። ከ10 ሺህ በላይ አውሮፕላኖች ወደ አካባቢው ይጎርፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የጎብኚው ቁጥር 686 ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር። የከተማዋን ሕዝብ አሥር እጥፍ ማለት ነው!

ታዲያ ይኼ ሁሉ ሰው የት ያድራል? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች ትኬቱን ይቆርጡና መኝታውን «እዚያው ስንደርስ» ይሉታል። ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚመጣው ያኔ ነው።

አንድ የምናውቀው ወጣት ያደረገው ይህንኑ ነው። «ቺካጎ ዘመድ አለኝ፣ ምን ችግር አለው?» ብሎ በርበሬና ሽሮውን ሸክፎ ሄደ። ከቺካጎ ኦሽኮሽ ግን በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ደርሶ መልስ ስድስት ሰዓት! የሌሊቱን ትርዒት አይቶ ሲመለስ ከእኩለ ሌሊት ያልፋል፤ ዘመዱ ደግሞ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። በሦስተኛው ቀን ተኳርፈው ተለያዩ። ትርዒቱ በዓመቱ ይመለሳል፤ የተቀየመ ዘመድ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

እናስ ምን ይሻላል?

ሆቴል የሚፈልግ ከዓመት በፊት ማሰብ አለበት። በዚያ ሳምንት ዋጋው ይሰቀላል፤ ቀድመው የሚይዙትም ብዙ ናቸው። ከኦሽኮሽ ወጣ ብላ ያለችው አፕልተን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለምትርቅ እዚያም መሞከር ነው።

ኪሱ ሳሳ ያለ ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን ዶርም ይጠይቅ። ተማሪው ለእረፍት ስለሚወጣ ክፍሎቹ ለእንግዳ ይከራያሉ። ሻወሩ የጋራ ነው፤ ዶርም ያደረ ሰው ደግሞ ይህ አይከብደውም። ቤታቸውን የሚያከራዩ የከተማዋ ነዋሪዎችም አሉ።

ከሁሉ የሚደምቀው ግን ድንኳን ነው። በራሱ አውሮፕላን የመጣ ከክንፉ ሥር ይተክላል። በመኪና የመጣው «ካምፕ ሾለር» የተባለ ሰፊ ሜዳ አለለት። ሻወርና ሱቅ አለው፤ አብዛኛው ቦታ ግን ቀድሞ ለመጣ ስለሆነ ማልዶ መድረስ ይጠቅማል። ዝናቡን አትናቁ! እ.ኤ.አ. በ2010 ሜዳው ጨቅይቶ ብዙዎች ማረፊያ አጥተው ነበር። ደህና ሸራና ቦቲ ያዙ።

መንገዱስ? የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ወደ ቺካጎ ይበራል። ከዚያ በኋላ ያለው የመኪና ነገር ነው። ልብ በሉ፤ ዕድሜው ከ25 በታች የሆነ ሰው አሜሪካ ውስጥ መኪና ሲከራይ አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ይከፍላል። ስለዚህ ሦስትና አራት ሆኖ፣ ከመሃላቸው ከ25 ያለፈው ቢከራይ ወጪው ይቀላል። ሚኒያፖሊስ ያሉ የአገር ልጆችም በመኪና አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የሚርቁት። እነሱ ካሉ አብሮ መውጣት ነው።

ቅደም ተከተሉን አደራ! መጀመሪያ ቢሰረዝ ገንዘቡ የሚመለስ መኝታ ያዙ። ከዚያ ቪዛ ጠይቁ፤ ቀጠሮው ወራት ሊፈጅ ይችላል። ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ ትኬት አትቁረጡ። ያጠራቀማችሁት ገንዘብ የስንት ወር ላብ ነውና!

ዘመድ ቤትስ? ለአንድ ሌሊት፣ አስቀድሞ ተነግሮት ከሆነ ደስ ይላል። ሽሮውን ሰጥታችሁ፣ ቡና ጠጥታችሁ፣ በማግስቱ ወደ ድንኳናችሁ! ያኔ ፍቅሩም አይቀዘቅዝም፣ አውሮፕላኑም አያመልጥም።

መልካም ጉዞ!