ጆሮ ሲጮህ መድፈኛ መቼ ይጠቅማል?

ነፋስ መውጫ፣ ወገዳም ሆነ መካነ ኢየሱስ፣ የናፍጣ ወፍጮ አጠገብ ቆሞ ለመነጋገር መጮህ ግድ ነው። በክንድ ርቀት ላለ ሰው ሳይጮሁ የማይሰማ ከሆነ፣ ድምፁ 85 ዴሲቤል ገደማ ደርሷል። በቀን ለ8 ሰዓት የሚመከረው ጣሪያ ይኸው ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ እህሏን አስፈጭታ ከምትሄደው ይልቅ የሚጎዳው እዚያው የሚውለው የወፍጮው ሠራተኛ ነው። በሠርግና በለቅሶ የሚተኮሰው ጥይትማ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል። አንድ ተኩስ እንኳ የውስጠኛውን ጆሮ ፀጉር መሰል ህዋሳት ሊገድል ይችላል፤ እነሱም ዳግም አይበቅሉም።

መድፈኛ የሚጠቅመው እንዲህ ባለ ጩኸት ነው፤ ጥጥ መወተፍ ግን ብዙም አይረባም። ስፖንጅ መድፈኛ በጣት ተድቦልቡሎ ይቀጥናል፤ በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ስቦ ማስገባት፣ እስኪነፋም 30 ሰኮንድ ያህል መያዝ ነው።

ከወፍጮ ቤቱ ሲወጡ ግን ይውለቅ። በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ጆሯቸውን ለ2 ሳምንት ደፍነው የቆዩ ጤነኛ ሰዎች ድምፅ የመቻል አቅማቸው ቀንሶ ተገኝቷል፤ አንጎል ድምፅ ሲያጣ እንደ ሬዲዮ ማጉያውን ከፍ ያደርጋልና። ጆሮው ጭው የሚልበት ሰውም ጸጥታ ይብስበታል። ሌሊት ሬዲዮ ዝቅ አድርጎ መክፈት ከመድፈኛ ይሻለዋል። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚጮህ ወይም ከልብ ምት ጋር የሚመታ ከሆነ ሐኪም ይየው።