ያለፈ ክረምት የሚመሰክርለት ባለሙያ፦ በኮልፌ ቀራንዮ ጣሪያ ስለ ማሠራት

ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ጫፍ የሚገኝ ሲሆን፣ ከእንጦጦ ሰንሰለት የሚወርደው ተዳፋትና ወደ ወጨጫ ተራራ የሚያቀናው ኮረብታማ መሬት የሚቀራረቡበት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ደጋ ነው። ከአስኮ እስከ አየር ጤና፣ ከአጠና ተራ እስከ ዓለም ባንክ ባሉት ሰፈሮች የሚኖር ቤተሰብ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም የሚዘልቅ ዝናብ፣ በሐምሌና በነሐሴ አልፎ አልፎ የሚወርድ በረዶ፣ ክረምቱ ሲያልፍ ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቁር ይፈራረቁበታል፤ ይህን ሁሉ ችሎ እንዲያልፍ የሚጠበቀው የቤቱ ክፍል በአብዛኛው ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይወፍር የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ጣሪያ በቤት ሥራ ውስጥ ጉድለቱ ቶሎ የማይታይ ሥራ በመሆኑ፣ በየካቲት ፀሐይ ተመቶ ያለቀ ቆርቆሮ ደኅና ይሁን አይሁን የሚታወቀው ሠሪው ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ ከወራት በኋላ ነው። ስለዚህም ጣሪያ የሚያሠራ ሰው ዋና ጭንቀቱ ከቆርቆሮው ዋጋ ይልቅ የሚቀጥረው ባለሙያ ማንነት ሊሆን ይገባል።

ሞገድ ያለው ቆርቆሮ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1829 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሥራ ነው። ብረቱን በዚንክ ቀብቶ ከዝገት የሚጠብቀው ዘዴም በፈረንሳይ የተገኘው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የቤቶቿ ክዳን ሣር ነበር፤ የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. ከተማዋ ከመድረሱ በፊት ቆርቆሮ ከወደብ የሚመጣው በእንስሳት ጀርባ ስለ ነበር የቤተ መንግሥት፣ የቤተ ክርስቲያንና የመኳንንት ቤት ክዳን ሆኖ ቆየ። በ1880ዎቹ መጨረሻ የገባው ባሕር ዛፍ ደግሞ ለግድግዳውም ለጣሪያውም እንጨት አቀረበ። የባሕር ዛፍ አጠናና የቆርቆሮ ክዳን የተዋሐዱበት ይህ አሠራር በምዕራብ አዲስ አበባ ዛሬም የብዙው ሰው ቤት አሠራር ነው፤ በቤተል ወይም በአየር ጤና ዋና መንገድ ዳር የሚታዩት ፎቆች ከኋላቸው ያለውን የቆርቆሮ ባሕር ሊሸፍኑት አይችሉም።

በዚህ አካባቢ ለመኖሪያ ቤት ጣሪያ የሚጠራው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አናጢ ሲሆን፣ ሥራውም ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው አጽሙን ማቆም ነው፤ ከጣሪያው አናት ወደ ግድግዳው በተዳፋት የሚወርዱት እንጨቶች ወራጅ፣ በወራጁ ላይ አግድም የሚመቱት ማገር ይባላሉ፣ ለማገርነት በማሽን የተሰነጠቀ ባለ አራት ማዕዘን እንጨት ሲውልም ሞራሌ ይሉታል። ሁለተኛው ቆርቆሮውን መምታት፣ ማለትም ማልበስ ነው። የተጣደፈ አናጢ የመጀመሪያውን ደረጃ ችላ ይላል፣ ምክንያቱም ኮርኒስ ሲለጠፍ አጽሙን ማንም አያየውም። እርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ የተመታ ቆርቆሮ እንጨቱ ሲደርቅ ይጣመምበታል፣ ሚስማሩም ይላላል፤ ልጡ ያልተላጠ አጠና ደግሞ ለነቀዝና ለምስጥ የተመቸ ነው። ጥሩ ባለሙያ ለባለቤቱ አስቀድሞ የሚነግረው አጠናው ተገዝቶ፣ ተልጦና በጥላ ሥር ተደርድሮ እንዲሰነብት ነው፤ ብዙዎቹም ግድግዳ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡታል። እንጨቱን ሳያይና ስለ ድርቀቱ ሳይጠይቅ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው ስለ ሥራው ጥራት ብዙ እንዳላሰበ መገመት ይቻላል።

የቆርቆሮው ውፍረት የሚለካው ጌጅ በሚባል ቁጥር ሲሆን፣ ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ቁጥሩ ሲያድግ ቆርቆሮው የሚወፍር እየመሰለው ነው፤ እውነቱ ተቃራኒው ነው። ባለ 28 ጌጅ የሚባለው ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ሲኖረው፣ ባለ 35 ጌጅ ግን የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ስስ ቆርቆሮ በራሱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ማገሩ መጠጋጋት ይኖርበታል፣ ሰው ሲረግጠውና በረዶ ሲመታው ቶሎ ይጎደጉዳል፣ የዚንክ ሽፋኑም ቀጭን ከሆነ ከጥቂት ክረምቶች በኋላ ይዝጋል። ሠሪውና ባለቤቱ በጌጁ ላይ በቃል ተስማምተው፣ ዕቃውን ግን ሠሪው ብቻውን ሄዶ ሲገዛ ለማጭበርበር ሰፊ በር ይከፈታል። ባለቤቱ አብሮ ሄዶ በቆርቆሮው ላይ የታተመውን ምልክት ማየት፣ ካሊፐር በሚባለው የውፍረት መለኪያ ጫፉን ማስለካትና ደረሰኙን በራሱ ስም መያዝ ይችላል። ሐቀኛ አናጢም በዚህ ቅር አይሰኝም፣ እንዲያውም ኋላ ከሚመጣ ሐሜት ይድናል።

የሠሪውን ችሎታ ከምንም በላይ የሚያሳየው ግን ሚስማሩ ነው። የቆርቆሮ ሚስማር ሰፊ ቆብ አለው፣ ከቆቡም ሥር ውኃ የሚከላከል ጎማ ይደረጋል። ቆርቆሮው ጉብታና ጎድጓዳ እየተፈራረቁ የሚሄዱበት በመሆኑ ውኃው የሚወርደው በጎድጓዳው ነው፤ ስለዚህ ሚስማሩ መመታት ያለበት በጉብታው አናት ላይ ሲሆን፣ በጎድጓዳው የተመታ እያንዳንዱ ሚስማር ውኃ በሚሄድበት መንገድ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ነው። መዶሻው ከመጠን በላይ ካረፈ ጉብታው ይሰረጉዳል፣ ጎማውም ይሰነጠቃል፤ ሳይጠብቅ ከቀረ ደግሞ ነፋስ ቆርቆሮውን እያነሳ ሲጥለው ቀዳዳው ይሰፋል። በጎን በኩል ሁለት ቆርቆሮዎች ሲገናኙ ቢያንስ አንድ ተኩል ሞገድ ያህል መደራረብ፣ ከላይ ወደ ታች ሲቀጣጠሉም የላይኛው በታችኛው ላይ 15 ሳንቲሜትር ያህል መውረድ አለበት፤ ተዳፋቱ ባነሰ ቁጥር መደራረቡ ይጨምራል። የጎኑ ድርርብ አፍ ዘወትር ዝናብ ይዞ ወደሚመጣው ነፋስ መዞር የለበትም፤ በኮረብታ ላይ በተሠራ ቤት ይህ ነፋስ ከየት እንደሚመታ የሚያውቁት የሰፈሩ ሰዎች ስለሆኑ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይህንኑ የሚጠይቅ አናጢ ሙያውን የሚያውቅ ነው። ቆርቆሮውን በመቀስ ከመቁረጥ ይልቅ በኤሌክትሪክ መቁረጫ የሚቆርጥ ከሆነም፣ የሚረጨው ትኩስ ብናኝ ዚንኩን እያቃጠለ የዝገት ነጠብጣብ ስለሚተው ወዲያው መጠረግ ይኖርበታል።

ስለ ተዳፋቱም መነገር ያለበት አለ። እንጨትና ቆርቆሮ ለመቆጠብ ሲባል ጣሪያው ጠፍጣፋ እንዲሆን የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ነው፤ በአንድ ሜትር ርቀት 20 ሳንቲሜትር ያህል የማይወርድ የቆርቆሮ ጣሪያ ግን በሐምሌ ዶፍ ውኃውን ቶሎ አያወርድም፣ በረዶ ሲጠራቀምበትም የቀለጠው ውኃ በየድርርቡ ወደ ውስጥ ይሠርጋል። የደንበኛውን ቃል ሰምቶ ዝም የሚል ሠሪና «ይህ አይሆንም፣ ያፈስብዎታል» ብሎ የሚከራከር ሠሪ ቢቀርቡ ሁለተኛው መመረጥ አለበት። በተዳፋት ላይ ጎን ለጎን በተሠሩ ግቢዎች ውስጥ ደግሞ የላይኛው ቤት ጣሪያ ውኃ በታችኛው ጎረቤት ግድግዳ ሥር ስለሚወርድ፣ አሸንዳው የት እንደሚጨርስና ውኃው በየት እንደሚሸኝ ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ መወሰን ከብዙ ጠብ ያድናል።

በደጋው ቅዝቃዜ ምክንያት የሚመጣ፣ ብዙ ንጹሕ ሠሪም ያለ ጥፋቱ የሚከሰስበት ችግር አለ። ሌሊት ውጭው ሲቀዘቅዝ ቆርቆሮው አብሮ ይቀዘቅዛል፤ በቤት ውስጥ ያለው ከትንፋሽ፣ ከምግብ ማብሰያና ከታጠበ ልብስ የሚወጣው እንፋሎት ይህን ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ወደ ጤዛ ተለውጦ ይንጠባጠባል። ዝናብ ባልጣለበት የኅዳር ንጋት አልጋ ላይ ጠብታ የሚያገኝ ቤተሰብ ጣሪያው ተበሳ ብሎ ሠሪውን ሊወቅስ ይችላል፤ መፍትሔው ግን ኮርኒስና የአየር መተላለፊያ እንጂ ሬንጅ መለጠፍ አይደለም። ኮርኒሱ ከቺፕውድ፣ ከአቡጀዲ ወይም በብዙ ቤቶች እንደሚታየው ከተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢት ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ነገር በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው ክፍተት ከሁለቱም ጫፍ አየር የሚያገኝ መሆኑ ነው። ሠሪን ለመፈተን ለሚፈልግ ሰው «ጠብታው በዝናብ ጊዜ ነው ወይስ በብርድ ሌሊት?» ብሎ የሚጠይቅ አናጢ ማግኘት ትልቅ ምልክት ነው።

እንዲህ ያለውን ባለሙያ የት ማግኘት ይቻላል? በአጠና ተራ እንጨት የሚሸጡ ነጋዴዎች የትኛው አናጢ ጥሩ እንጨት መርጦ እንደሚገዛና የትኛው ርካሹን እንደሚያነሳ በየዕለቱ ያያሉ። የዕድር አባላት፣ በተለይም ድንኳንና ዕቃ ቤት ያሠሩ የዕድር ዳኞች፣ ማን በቃሉ እንደተገኘ ያውቃሉ። በቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሠልጥነው የብቃት ምዘና ያለፉ፣ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችም አሉ፤ የምዘና ወረቀት አንድ ሰው ትምህርቱን እንዳለፈ የሚያሳይ ጠቃሚ ማስረጃ ቢሆንም፣ ከዚህ በላይ የሚታመነው ግን የቆየ ሥራው ነው። ስለዚህ የሚቀጠረው ሰው ከሦስት ወይም ከአራት ክረምት በፊት የሠራቸውን ቤቶች እንዲያሳይ መጠየቅ፣ ከዚያም ከውጭ ቆርቆሮውን ከማየት ይልቅ ፈቃድ ጠይቆ ወደ ውስጥ መግባትና በኮርኒሱ ላይ ቡናማ የውኃ ምልክት መኖር አለመኖሩን መመልከት ያስፈልጋል። ባለፈው ወር ያለቀን ጣሪያ ብቻ የሚያሳይ ሰው ገና ክረምት አልመሰከረለትም። የቤቱ እመቤት ወይም አባወራ የሚሰጡት መልስ፣ በተለይም «ሲያፈስ ጠርተነው መጣ» የሚለው ቃል፣ ከየትኛውም ወረቀት ይበልጣል፤ ጥሩ ሠሪም አንዳንዴ ሊሳሳት ይችላልና።

ስምምነቱ በቃል መቅረቱ በአካባቢው እጅግ የተለመደ ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ ለሁለቱም ወገን ነው። አንድ ገጽ የሆነ፣ ሁለት ምስክሮች የፈረሙበት ውል የቆርቆሮውን ጌጅና ብዛት፣ የእንጨቱን ዓይነት፣ የእጅ ዋጋው በካሬ ወይስ በቁርጥ እንደሆነ፣ ሥራው የሚያልቅበትን ቀን፣ ትርፍ ዕቃና የድሮው ቆርቆሮ የማን እንደሆነ ቢዘረዝር አብዛኛው ክርክር ከመነሻው ይቀራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ረገድ ብዙ ሰው የማያውቀው ጥበቃ ይሰጣል። በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ወገን ቢያፈርስ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ አስቀድሞ የተከፈለው ገንዘብ ቀብድ ነው ወይስ የሒሳብ ቅድሚያ ክፍያ የሚለው በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ከዚህ የሚበልጠው ቁጥር 3039 ነው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራን በሚመለከተው ክፍል ሥር ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ጊዜ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለአሠራሩ ትክክለኛነትና ለጥንካሬው ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ቤት አሠርቶ በሁለተኛው ክረምት ጣሪያው ያፈሰሰበት ሰው ይህን መብቱን ሊጠይቅ የሚችለው ግን ማን ምን እንደሠራ የሚያሳይ ወረቀት ሲኖረው ነው።

ክፍያን በደረጃ መክፈል፣ ማለትም አጽሙ ሲቆም፣ ቆርቆሮው ሲመታና አሸንዳው ሲገጠም እየተከፋፈለ እንዲሰጥ ማድረግ፣ ከእጅ ዋጋውም ጥቂቱን እስከ መጀመሪያው ከባድ ዝናብ ማቆየት ሁለቱንም ያስማማል፤ ነገር ግን የቆየው ገንዘብ ሠሪው ተመልሶ ሲመጣ ያለ ጭቅጭቅ መከፈል አለበት። ነባር ጣሪያ ከመፈረሱ በፊትም ከወረዳው የጥገና ፈቃድ መጠየቅ ይገባል፤ በተለይ በቀበሌ ቤት የሚኖር ተከራይ ያለ ፈቃድ የጀመረው ሥራ ሊታገድበት ይችላል። ከጣሪያው አጠገብ የሚያልፍ የመብራት ገመድ ካለም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማሳወቅ የባለቤቱ ግዴታ ነው፤ ረጅም ቆርቆሮ በእጁ ይዞ በእርጥብ እንጨት ላይ የሚቆም ሰው ሕይወቱ በዚያች ጥንቃቄ ላይ ትንጠለጠላለች።

ጥፋቱ ሁሉ የሠሪው እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። የእጅ ዋጋን እስከ መጨረሻው አውርዶ የሚከራከር ባለቤት አናጢውን ሁለት ረዳት በሚያስፈልገው ሥራ አንድ ብቻ እንዲይዝ፣ ሚስማሩን እንዲያራርቅና በጥድፊያ እንዲጨርስ ያስገድደዋል፤ እንዲህ ባለው ገበያም ሙያቸውን የሚያከብሩት ከሥራ እየወጡ፣ በርካሽ የሚቀበሉት ይበራከታሉ። ጊዜውም እንዲሁ ነው፤ በግንቦት መጨረሻ ደመናው ሲጠቁር ሁሉም አናጢ ፈላጊ ስለሚሆን ዋጋው ይወደዳል፣ ጥሩዎቹም አስቀድመው ተይዘዋል፣ ለማድረቅ ጊዜ ያላገኘ እንጨትም ይመታል። ከመጪው ክረምት በፊት ጣሪያውን ለመቀየር ያሰበ የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪ ሁሉ በጥር እንጨቱን ገዝቶ ያድርቅ፣ በየካቲት የሠሪውን የቆዩ ሥራዎች ዞሮ ይይ፣ ውሉንም በምስክሮች ፊት ይፈራረም፤ ለሚገባው ሠሪም የሚገባውን የእጅ ዋጋ አይንፈገው።