ከአምባራስ የተገኘ የደም ልክ፦ መላምትን መፈተንና የመተማመኛ ክልልን ማስላት

ከጎንደር ከተማ ተነስቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ መንገደኛ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ትንፋሹ ያጥረዋል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅንም ያንሳል። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ የእነዚህ ሰዎች አካል እጥረቱን የሚቋቋመው ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ሄሞግሎቢን በደም ውስጥ በማብዛት ነው። የእኛስ ደገኛ ደም እንዲሁ ነውን?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት፣ ከኢትዮጵያዊው ሐኪም ከዶክተር አምሃ ገብረመድኅንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ጎንደር አምባራስ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3530 ሜትር ላይ ጥናት አካሄዱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ታተመ። የብረት እጥረት ከሌለባቸው 236 ነዋሪዎች የተገኘው አማካይ የሄሞግሎቢን መጠን ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር ነበር። በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖሩ አሜሪካውያን ወንዶች አማካዩ 15.3 ገደማ ነው።

እንግዲህ 15.9 ከ15.3 ይበልጣል። ነገር ግን ልዩነቱ እውነተኛ ነው ወይስ በናሙና አመራረጥ አጋጣሚ የመጣ? ስታትስቲክስ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ «የአምባራስ ወንዶች እውነተኛ አማካይ 15.3 ነው፤ ልዩነት የለም» የሚል መላምት እናቆማለን። ይህ ባዶ መላምት ይባላል። ተቃራኒው «አማካዩ 15.3 አይደለም» የሚለው አማራጭ መላምት ነው። ፈተናው የሚጠይቀው፣ ባዶው መላምት እውነት ቢሆን ኖሮ ያገኘነውን ያህል የራቀ ውጤት ምን ያህል ብርቅ በሆነ ነበር የሚለውን ነው።

ለልምምድ ያህል የወንዶቹን ቁጥር 100፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን ደግሞ 1.2 አድርገን እንውሰድ (እነዚህ ሁለቱ ለስሌት የተመረጡ እንጂ የጥናቱ ቁጥሮች አይደሉም)። የአማካዩ መደበኛ ስህተት 1.2ን ለ100 ካሬ ሥር፣ ማለትም ለ10 በማካፈል ይገኛል፤ ውጤቱ 0.12 ነው። ልዩነቱን 0.6 ለ0.12 ስናካፍል 5 እናገኛለን። በ0.05 የጉልህነት ደረጃ ወሰኑ 1.96 ስለሆነ ባዶው መላምት ውድቅ ይሆናል።

ብዙ ተማሪዎች እዚህ ላይ ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ። ሆኖም «ልዩነት አለ» ማለት «ልዩነቱ ትልቅ ነው» ማለት አይደለም። አሁን ደግሞ ሌላ መላምት እንፈትን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ፣ በ3500 ሜትር ከፍታ ላይ ከተለካው ሄሞግሎቢን 2.7 እንዲቀነስ መክሮ ነበር። ከፍታው ያን ያህል ይጨምራል ከተባለ የአምባራስ ወንዶች አማካይ 15.3 ሲደመር 2.7፣ ማለትም 18.0 መሆን ነበረበት። ፈተናው -17.5 ይሰጣል፤ ይህም መላምት ውድቅ ነው።

ሁለቱም መላምቶች ወደቁ፤ ታዲያ ምን ቀረ? መልሱን የሚሰጠን የመተማመኛ ክልል ነው። 1.96ን በ0.12 ስናባዛ 0.24 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ ከ15.66 እስከ 16.14 ነው። ክልሉ 15.3ንም 18.0ንም አይዝም፤ ግን ለባሕር ጠለሉ አማካይ በጣም የቀረበ ነው። 95 በመቶ ማለት፣ ተመሳሳይ ናሙና 100 ጊዜ ብንወስድ ከምናሰላቸው ክልሎች 95 ያህሉ እውነተኛውን አማካይ ይይዛሉ ማለት ነው። ከሰዎቹ 95 በመቶው በዚህ ክልል ውስጥ ይገኛሉ ማለት ግን አይደለም።

ይህ ጉዳይ የፈተና ወረቀት ብቻ አይደለም። ለወንዶች የደም ማነስ መለያው 13.0 ነው። 2.7 ሲጨመርበት 15.7 ይሆናል። የጤነኞቹ አማካይ 15.9 ነው። አሁን የምንጠይቀው ስለ አማካዩ ሳይሆን ስለ እያንዳንዱ ሰው ስለሆነ በመደበኛ ስህተቱ ፈንታ 1.2ን እንጠቀማለን። 0.2ን ለ1.2 ስናካፍል 0.17 እናገኛለን፤ የኖርማል ሥርጭት ሠንጠረዥም ከመቶ 43 ያህሉ ከ15.7 በታች እንደሚውሉ ይነግረናል። የብረት እጥረት የሌለባቸው፣ ማሳቸውን የሚያርሱ ወንዶች ከግማሽ ጥቂት ሲያንሱ «ደም አንሷቸዋል» ሊባሉ ነው! ድርጅቱ ሠንጠረዡን እ.ኤ.አ. በ2024 አሻሽሎታል፤ ለሁሉም ተራራ አንድ ልክ ይበቃልን የሚለው ጥያቄ ግን መመርመሩን ይቀጥላል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ስሌታችን ናሙናው በዕጣ እንደተመረጠና ልኬቶቹ እርስ በርስ እንዳልተሳሰሩ ይገምታል። በአንድ መንደር የሚኖሩ ዘመዳሞች ግን ደማቸውም ሊመሳሰል ይችላል። የአምባራስ ውጤትም ለባሌ ወይም ለአርሲ ደገኛ እንዳለ አይተላለፍም።

አንባቢ ሆይ፣ የሴቶቹን ስሌት ለአንተና ለአንቺ ትተናል። የባሕር ጠለሉን አማካይ 13.4፣ ቁጥራቸውን 100፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን 1.2 አድርጋችሁ ሥሩ። ሁለቱም መላምቶች እንደገና ይወድቃሉ፤ ክልሉ ግን ከ14.76 እስከ 15.24 ሆኖ እንደ ወንዶቹ ወደ ባሕር ጠለሉ አይጠጋም፤ በሁለቱ መካከል ይውላል። ፈተናው ብቻውን ለወንዶቹም ለሴቶቹም አንድ ዓይነት መልስ ሰጠ፤ ልዩነታቸውን ያሳየን ክልሉ ነው።