«ማጥፋት ያቃጥለዋል» የሚሉት ምክር

የእህቴ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራው ባገለገለ ዴስክቶፕ ነበር። የሸጠላት ሰውዬ ገና ሲያስረክባት «ኮምፒውተር ማብራት ማጥፋት አይወድም፤ ክፍቱን ተይው» ብሏታል። እሷም ቃሉን አክብራ ማታ ማታ ስክሪኑን ብቻ አጥፍታ ትተኛለች። አንድ የሰኔ ሌሊት መብራት ሄደ፤ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ሄደ። ጠዋት ቁልፉን ብትጫን ብትጫን መልስ የለም፤ ከጀርባው የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ጠጋኙ ፓወር ሰፕላዩን ቀየረላት። ሃርድ ዲስኩ ግን አልነሳ አለ፤ ሦስተኛውና አራተኛው ምዕራፍ እዚያው ቀሩ። የተመታው መብራቱ ሲሄድ ይሁን ሲመጣ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት የነገረን የለም። ጠፍቶ፣ ከሶኬት ተነቅሎ ቢያድር ግን አንዱም ባላገኘው ነበር።

ተረት፦ ማብራትና ማጥፋት ኮምፒውተር ይገድላል

እውነታ፦ እምነቱ ከሜዳ የበቀለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የተባለ ኮምፒውተር 18 ሺህ ገደማ የቫኪዩም ቱቦዎች ነበሩት። ቱቦዎቹ በብዛት የሚበላሹት ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ ስለነበር ባለሙያዎቹ ማሽኑን ማጥፋት ይፈሩ ነበር። ኋላ የመጡት የድሮ ሃርድ ዲስኮችም ሲጠፉ የማንበቢያ ጭንቅላታቸው ሳህኑ ላይ ያርፋል፤ እያንዳንዱ መነሳትና ማረፍ ጥቂት ይፍቀዋል። እነሱም ቢሆኑ ብዙዎቹ 40 ሺህና 50 ሺህ ጊዜ እንዲችሉ ሆነው የተሠሩ ናቸው። በቀን ሁለት ጊዜ ብታጠፉት 40 ሺህን ለመሙላት ከ50 ዓመት በላይ ይፈጃል። ዛሬ በብዙ ኮምፒውተር ውስጥ በሃርድ ዲስክ ፈንታ ያለው ኤስኤስዲ ደግሞ የሚሽከረከርም የሚያርፍም ነገር የለውም።

በቀን ሃያ ጊዜ ማጥፋት ማብራት ጥቅም የለውም፤ ይህን አልክድም። ለምሳ ለመውጣት ማጥፋትም አያስፈልግም። መብራት በማይቋረጥበት አገር ክፍቱን ያደረ ኮምፒውተር ጉዳቱ የቆጣሪ ወጪና በፋኑ የሚሳብ አቧራ ነው። እኛ ቤት ግን ሌላ ነው። መብራት ድንገት ሲሄድ ሜሞሪ ላይ ያለው፣ ገና ዲስክ ላይ ያልተጻፈው ሁሉ ይጠፋል፤ በመጻፍ ላይ የነበረ ፋይልም ሊበላሽ ይችላል። ሲመለስ ደግሞ የሰፈሩ ፍሪጅና ምጣድ ባንዴ ስለሚነሳ 220 መሆን የነበረበት ቮልት ይዋዥቃል። እናቶቻችን መብራት ሲሄድ ሮጠው የፍሪጁን ሶኬት የሚነቅሉት ለዚህ ነው። ነገሩ ከኮምፒውተር ሻጩ ይልቅ ለእነሱ ገብቷቸዋል።

ልብ በሉ፦ አጥፍታችሁት ሶኬት ላይ ከተዋችሁት ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ጥቂት ኃይል መግባቱ አይቀርም። በተለይ ክረምት፣ መብረቅ ባለበት ሌሊት ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ይነቀል።

ተረት፦ ሲነሳ የሚበላው መብራት ክፍቱን ሲያድር ከሚበላው ይበልጣል

እውነታ፦ ሲነሳ የሚስበው ከፍ ያለ ኃይል ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። 80 ዋት የሚበላ ዴስክቶፕ በቀን 14 ሰዓት ያለ ሥራ ቢበራ በወር 33 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ በዚያ ከዘጠኝ ሰዓት በላይ እንጀራ ይጋግራል።

ተረት፦ ስታብላይዘር ስላለኝ አልሰጋም

እውነታ፦ ስታብላይዘር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ባትሪ የለውም፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ የምታጠፉበትን ጥቂት ደቂቃ የሚሰጣችሁ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው።

ተረት፦ ስሊፕ ማድረግና ማጥፋት አንድ ነው

እውነታ፦ ስሊፕ ሥራችሁን ሜሞሪ ላይ ይዞ የሚቆየው በኤሌክትሪክ ነው። ላፕቶፕ ባትሪው ደህና ከሆነ ይይዘዋል። ዴስክቶፕ ግን መብራት ሲሄድ ሴቭ ያላደረጋችሁትን ይዞት ይሄዳል።

ተረት፦ ስክሪን ሴቨር መብራት ይቆጥባል

እውነታ፦ የተሠራው የድሮው ወፍራም ስክሪን ምስል ታትሞበት እንዳይቀር ነው። ለቁጠባ ከሆነ ስክሪኑን ማጥፋት ነው።

እንግዲህ ዴስክቶፕ ያላችሁ፣ ማታ ሥራችሁን ፍላሽ ላይ ገልብጡ፣ በደንቡ አጥፉ፣ ከሶኬት ንቀሉ። «ማጥፋት ያቃጥለዋል» የሚላችሁ ባለሱቅ ከገጠማችሁ ደግሞ አትከራከሩት። ማታ ሱቁን ሲዘጋ ብሬከሩን ምን እንደሚያደርገው ብቻ ጠይቁት።