መጀመሪያ ቀዩን አንብቡ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዩ ስትሪት ላይ ወይም አዳምስ ሞርጋን 18ኛው ጎዳና ላይ ቆማችሁ ቀና ብትሉ፣ አንድ ቀጭን የብረት ምሰሶ ሦስት አራት ሰሌዳ ተሸክሞ ታያላችሁ። አንዱ በቀይ የተጻፈ፣ ከሥሩ በአረንጓዴ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ቀይ። አብዛኛው አሽከርካሪ ይህን ምሰሶ የሚያነሣው በእርግማን ነው፤ ሰውን ለማምታታት ሆን ተብሎ የተተከለ ይመስለዋል። እኔ ግን በዚህች ከተማ ለሕዝብ ተጽፎ ከቆመ ነገር ሁሉ የዚህን ያህል ቁም ነገር በትንሽ ቦታ የያዘ አላውቅም። ማን፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ከየት እስከ የት መኪናውን ማቆም እንደሚችል በጥቂት ቃላት ይናገራል። ችግሩ ቆሞ የሚያነበው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው።

ስለ ክፍያው ብዙ ማለት አያስፈልግም። የመንገድ ዳር ሚተር በአብዛኛው የከተማዋ ክፍል በሰዓት 2 ዶላር ከ30 ሳንቲም ነው። በሳንቲም፣ በካርድ ወይም በስልክ ይከፈላል፤ እሑድና በሕዝብ በዓላት አይጠየቅም። በስልክ የሚከፈልበት ፓርክሞባይል በከተማዋ ሁሉ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሚተሩ ላይ የተለጠፈውን የዞን ቁጥርና የመኪናውን ታርጋ አስገብቶ ጊዜ መግዛት ነው፤ በቃ። ታርጋውን ስታስገቡ ግን እባካችሁ ወርዳችሁ እዩት። መኪና ቀይረው በአሮጌው ታርጋ የሚከፍሉ፣ የተከራዩትን መኪና ታርጋ በግምት የሚሞሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። በሌላ ታርጋ የተከፈለ ገንዘብ የእናንተን መኪና አያድንም። በዓል ስልም የአሜሪካን በዓል ማለቴ ነው። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ቀን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ባለው ቀን ከዋለ ሚተሩ እንደማንኛውም የሥራ ቀን ይሠራል፤ እንቁጣጣሽና መስቀልም እንደዚሁ። ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ለሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ ደግ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

«ከፍዬ ነበር እኮ!» በዚህች ከተማ በአማርኛ ከሰማኋቸው የፓርኪንግ እሮሮዎች ይህን ያህል የተደጋገመ የለም። ተናጋሪው አልዋሸም፤ ከፍሏል፤ ደረሰኙም ስልኩ ውስጥ አለ። መስታወቱ ላይ የተቀመጠው ቲኬትም ትክክል ነው። ሁለቱ አብረው እንዴት እውነት እንደሚሆኑ ያልገባው ሰው፣ ከተማዋ ገንዘቡን ወስዳ እንደገና እንደቀጣችው እያሰበ ይኖራል። እንዲህ ነው፦ ሚተር ገንዘብ ይቀበላል እንጂ ፈቃድ አይሰጥም። የሚፈቅደውም የሚከለክለውም ምሰሶው ነው። ክፍያ የሚጀምረው ምሰሶው «ይቻላል» ካለ በኋላ ነው፤ ምሰሶው «አይቻልም» ባለበት ሰዓት የተከፈለ ሳንቲም ክልከላውን አያነሣም።

ለምን እንደሆነ ለማየት ስልኩ የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለዩ። የዞኑ ቁጥር የሚያመለክተው አንድ የመንገድ ክፍልን ነው። መተግበሪያው መኪናችሁ በዚያ መንገድ ላይ የት ጋ እንደቆመ አያይም። ከእሳት አደጋ ውሃ መቅጃው 10 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ገደማ፣ ሳትርቁ ብታቆሙ አያውቅም። የመኪናችሁ ኋላ አውቶቡስ ፌርማታ ውስጥ ቢገባ፣ ወይም የሰው ግቢ መውጫ ብትዘጉ አያውቅም። ገንዘቡን ይቀበላል፤ ሰዓቱንም ይቆጥራል። አንዳንዱ ማሽን ክልከላው ሲደርስ ክፍያ አልቀበልም ይላል፤ ሁሉም ግን እንደዚያ ያደርጋል ብሎ መተማመን አይገባም።

ከሁሉ የባሰው የወረቀቱ ምልክት ነው። ቤት የሚቀይር ሰው ለዕቃ መጫኛው መኪና፣ ግንባታ ያለበትም ለማሽኑ ቦታ እንዲያገኝ፣ ከከተማዋ ፈቃድ አውጥቶ ጊዜያዊ የማቆም ክልከላ ያስለጥፋል። ሚተር በሌለበት የመኖሪያ ሰፈር ከ72 ሰዓት በፊት፣ ሚተር ባለበት ደግሞ ከ24 ሰዓት በፊት መለጠፍ አለበት። ይህ ወረቀት ዛፍ ላይ ወይም ምሰሶ ላይ ታስሮ ይውላል። ሚተሩ ስለ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ማታ መጥታችሁ አቁማችሁ፣ ጠዋት በስልክ ከአልጋ ላይ ከፍላችሁ፣ ስትወጡ መኪናው በቦታው የማይኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ መኪናችሁን ለቅቃችሁ ከመሄዳችሁ በፊት በሁለቱም አቅጣጫ እስከሚቀጥለው ምሰሶ ድረስ ተራመዱ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ይህን አንድ ደቂቃ የሚሰስት ሰው ግን ብዙ ነው፤ በዚህ እቆጣለሁ።

ምሰሶውን ማንበብ ያስተማረኝ በኬ ስትሪት አካባቢ አንድ ሕንፃ ሥር የፓርኪንግ ሠራተኛ የነበሩ አባት ናቸው። ዲሲን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከመሬት በታች ባሉት የፓርኪንግ ጋራዦች ውስጥ መኪና የሚቀበሉት እጆች ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያውያን ነበሩ። ተማሪው፣ የቀድሞው መምህር፣ የመንግሥት ሹም የነበረው ሰው ሳይቀር እዚያች ትንሽ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቤተሰብ አሳድጓል። ዩ ስትሪት ፓርኪንግ የተባለውን ድርጅት ያቋቋመው ሄኖክ ተስፋዬም ሥራውን የጀመረው ከዚሁ ነው። ይህን ሙያ አሳንሶ የሚያይ ሰው ሲያጋጥመኝ ያመኛል። ሁለት መቶ መኪና በጠባብ ቦታ አስገብቶ፣ ማን በስንት ሰዓት እንደሚወጣ በልቡ ይዞ፣ አንዱንም ሳይጭር ማስወጣት ትልቅ ችሎታ ነው።

እኚህ ሰው ታዲያ የመንገድ ዳሩንም እንደ ጋራዣቸው ያውቁት ነበር። «ልጄ፣ መጀመሪያ ቀዩን አንብብ» አሉኝ። «ቀዩ ዝም ካለህ ወደ አረንጓዴው ውረድ። ቀዩ ከተናገረህ መኪናህን አስነሣ፤ አረንጓዴውን ለማንበብ ጊዜ አታጥፋ።» ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላገኘሁም። በቀይ የተጻፈው ክልከላ ነው፤ በአረንጓዴ የተጻፈው በገደብ የተፈቀደ ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ተገላቢጦሹን ነው፤ ዓይኑ «2 ሰዓት» የሚለው አረንጓዴ ላይ ያርፍና ደስ ብሎት ይሄዳል። ቀጥሎ ፍላጻውን እዩ። ሰሌዳው የሚገዛው ፍላጻው ወደሚያመለክተው ወገን ያለውን ብቻ ነው፤ ከምሰሶው ወዲህና ወዲያ ሕጉ ሊለያይ ይችላል። ከዚያ ቀኑን፣ በመጨረሻም ሰዓቱን።

ሰዓቱ ላይ ለወገኖቼ በተለይ የምለው አለኝ። በብዙ ታላላቅ ጎዳናዎች ላይ ያለው ቀይ ሰሌዳ ከ7:00 እስከ 9:30 ጠዋት፣ ከ4:00 እስከ 6:30 ከሰዓት በኋላ ይከለክላል። አገር ቤት በለመድነው አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ከመጣ ሳምንት ያልሞላው ሰው መኪና ተውሶ ሲወጣ፣ «4» የሚለውን ረፋድ 4 ሰዓት አድርጎ ቢያነበው አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ቁልፉን ሲሰጠው ይህን ያልነገረው ዘመድ ነው።

ይህ የጥድፊያ ሰዓት ክልከላ ከሌላው ሁሉ የሚከብድበት ምክንያት አለው። ሚተሩ ጊዜው አልፎበት የተገኘ መኪና ቅጣቱ 30 ዶላር ነው። በጥድፊያ ሰዓት የቆመ ግን 100 ዶላር ይከፍላል፤ መኪናውም ተጎትቶ ሊወሰድ ይችላል። ልዩነቱን አስተውሉ። ሳይከፍል የቆመ ሰው ከከተማዋ ላይ ያጎደለው ጥቂት ዶላር ነው። በዚያ ሰዓት የቆመው ግን የሚያቆመው መንገድ ላይ ነው፤ ያ መስመር ጠዋትና ማታ የማቆሚያ ቦታ መሆኑ ይቀርና የመኪና መሄጃ ይሆናል። አንድ መኪና እዚያ ቢቀር ከኋላው የሚመጣው አውቶቡስ ሁሉ፣ ሥራ ሊገባ የቸኮለውን ሰው እንደጫነ፣ ወደ ጎን መውጣት አለበት። ሁለቱን ጠቋሚ መብራቶች አብርታችሁ «አሁን እመለሳለሁ» ብላችሁ ስትወርዱ እነዚያን ሰዎች አስቧቸው።

ሚተር ራሱ የተወለደውም ለሌላው ሰው በማሰብ ነው። ገንዘብ መሰብሰቢያ ተብሎ የተፈጠረ የሚመስለው ብዙ ነው። ታሪኩ የሚለው ሌላ ነው። የኦክላሆማ ሲቲ ነጋዴዎች ችግራቸው መሐል ከተማ የሚሠሩ ሰዎች ጠዋት አምጥተው ያቆሙትን መኪና እስከ ማታ አለማንሣታቸው ነበር። ገበያተኛው ዞሮ ዞሮ ቦታ ሲያጣ ሳይገዛ ይመለሳል። ካርል ማጊ የተባለ ጋዜጠኛና የሕግ ሰው ይህን እንዲፈታ ኃላፊነት ተሰጠው፤ ሁለት የምሕንድስና ሰዎችም መሣሪያውን ሠርተው አደረሱ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1935 የመጀመሪያው ሚተር ተተከለ፤ ዋጋው በሰዓት 5 ሳንቲም። በሕግ አስከባሪ ብዛት ሊነሣ ያልቻለው መኪና በአምስት ሳንቲም ተነሣ። በኋላ በሎስ አንጀለስ ያስተምር የነበረው ዶናልድ ሹፕ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ይህንኑ አሳብ አሰፋው፤ ዋጋው ትክክል የሚሆነው በየመንገዱ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ቦታ ክፍት ሆኖ ሲገኝ ነው ይላል። ዲሲም በቻይናታውንና በፔን ኳርተር ዋጋውን እንደየመንገዱና እንደየሰዓቱ ከፍና ዝቅ እያደረገች የሠራችበት በዚሁ መንፈስ ነው። እዚያ አካባቢ ጥግ አልፋችሁ ብታቆሙ ዋጋው ሊቀንስላችሁ ይችላል፤ ተመልከቱት።

ሚተር የሌለበት የመኖሪያ መንገድ ሌላ ሥርዓት አለው። ነዋሪው የዞን ፈቃድ አለው፤ እንግዳ በሥራ ቀን ሁለት ሰዓት ብቻ መቆም ይችላል። እዚህ ላይም አንድ የተሳሳተ ልማድ አለ፤ ሁለት ሰዓቱ ሲሞላ ወጥቶ መኪናውን እዚያው ዞን ሌላ ቦታ ማዛወር። ገደቡ የዞኑ ነው፤ የአንዷ ቦታ አይደለም። ይህ ሥርዓት አድልዎ ነው ብለው የሚያማርሩ፣ በተለይ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የሚመጡ፣ አሉ። ክርክሩ ግን አዲስ አይደለም። ከወንዙ ማዶ አርሊንግተን ውስጥ፣ ወደ ክሪስታል ሲቲ ለሥራ የሚመጡ ሰዎች የነዋሪ ፈቃዱን በመቃወም ከስሰው ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1977 ለአካባቢው አስተዳደር ፈረደ፤ ሰው በሚኖርበት ሰፈር ጩኸትንና ጭስን ለመቀነስ ሲባል ነዋሪውን ከመጪው መለየት ይቻላል አለ። በገዛ በሩ ፊት ቦታ አጥቶ ከነልጆቹ ሦስት መንገድ የሚራመድ ጎረቤት ያለው ሰው ይህን ፍርድ ይረዳዋል።

የመንገድ ጠረጋውንም አትርሱ። ከማርች 1 እስከ ኦክቶበር 31 ድረስ፣ ሰሌዳው በሚለው ቀንና ሰዓት ያንን ወገን መልቀቅ ነው፤ ካልለቀቃችሁ 45 ዶላር።

ስለ ስልክ ክፍያ አንድ ማስጠንቀቂያ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ ቴክሳስ ኦስቲን ውስጥ፣ በመክፈያ ማሽኖች ላይ የሐሰት ኪው አር ኮድ ተለጥፎ ተገኝቷል፤ ኮዱ የሚወስደው ወደ ሌቦች ገጽ ነበር። መተግበሪያውን አስቀድማችሁ ከስልካችሁ መደብር አውርዱ፤ መንገድ ላይ የተለጠፈ ኮድ በስልካችሁ አንሥታችሁ የካርዳችሁን ቁጥር አትስጡ።

ቲኬት ከመጣ ደግሞ ማንን እንደምትሟገቱ እወቁ። ሰሌዳውን የሚተክለው የከተማዋ የትራንስፖርት መምሪያ ነው። ቲኬቱን የሚጽፈው በአብዛኛው የሕዝብ ሥራዎች መምሪያ ሠራተኛ ነው። አቤቱታውን የሚሰማው ደግሞ የተሽከርካሪዎች መምሪያው፣ ዲ ኤም ቪ፣ ነው። ስለዚህ ቲኬት ጸሐፊው ላይ መጮኽ አግባብ አይደለም፤ ፍሬም የለውም። ብዙዎቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ የእኛም ልጆች አሉባቸው። ቲኬቱን መሳቢያ ውስጥ መጣል ግን ከሁሉ ይከፋል። ጊዜው ሲያልፍ ቅጣቱ እጥፍ ይሆናል፤ ያልተከፈሉ ሁለት ቲኬቶች ከ60 ቀን በላይ ከቆዩ ጎማው ላይ ብረት ሊታሰርበት ይችላል።

ሚተሩ ተበላሽቶ ከሆነ እዚያው ቆማችሁ በከተማዋ የስልክ መስመር በ311 አስመዝግቡና የሚሰጣችሁን ቁጥር ያዙ። ምሰሶው ተጣሞ፣ ሰሌዳው በቅርንጫፍ ተሸፍኖ ወይም ሁለት ሰሌዳ እርስ በርሱ ተቃርኖ ከሆነ ፎቶ አንሡ። የመኪናውን ታርጋ ብቻ አቅርባችሁ፣ ወይም ሰሌዳውን ብቻ ነጥላችሁ አታንሡ፤ መኪናው፣ ምሰሶውና ፍላጻው በአንድ ፎቶ ይግቡ። መርማሪው መንገዱ ድረስ ሄዶ አያይም፤ የሚፈርደው ከላካችሁለት ተነሥቶ ነው።