ኮርቬርና ፋልከን፤ የአሜሪካ ትንንሽ አውቶሞቢሎች ታሪክ

የአሜሪካ አውቶሞቢል ሲባል በብዙ ሰው አሳብ የሚመጣው ያ ረጅሙ፣ ጅራቱ እንደ ዓሣ ክንፍ ወደ ላይ የቆመው፣ ኒኬሉ ከሩቅ የሚያብለጨልጨው መኪና ነው። እውነትም በ1959 ዓ.ም. የተሠራው ካዲላክ ርዝመቱ ከ5 ሜትር ተኩል ያልፍ ነበር፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ለተርታው ሕዝብ የሚሠራው ሸቭሮሌ እንኳ ከ5 ሜትር ከ30 ይበልጥ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት መከር ላይ ጄኔራል ሞተርስ፣ ፎርድና ክራይዝለር፣ ሦስቱም ታላላቅ ኩባንያዎች፣ ባንድ ጊዜ ትንንሽ መኪናዎች ይዘው ገበያ ወጡ። ለዚህ ያበቃቸው ምን ነበር?

በዲትሮይት ከተማ ጸንቶ የኖረው እምነት ትንሽ መኪና ትንሽ ትርፍ ያመጣል የሚል ነው። ትንሿን ለመሥራት የሚወጣው ድካም ትልቁን ለመሥራት ከሚወጣው ብዙም አያንስም፤ ከሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ ግን ያንሳል። ይህን እምነት ካልተቀበሉት አንዱ የናሽ ኬልቪኔተር ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሚስተር ጆርጅ ሜሰን ነበሩ። በ1950 ዓ.ም. ራምብለር የተባለችውን መኪና ሲያወጡ አንድ ብልሃት ዐሰቡ። ገዢውን ሰው «ገንዘብ ቢያጥረው ነው ትንሽ የገዛ» እንዳይለው፣ በመጀመሪያ ያቀረቡት ጣራው የሚከፈተውን ዓይነት ነው፤ ሬዲዮውና ሰዓቱም በዋጋው ውስጥ ተጨምረው ይሸጡ ነበር።

ሚስተር ሄንሪ ካይዘር የሄዱበት መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። በስማቸው ሄንሪ ጄይ ተብላ በተሰየመችው መኪና ላይ ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ ሲባል የኋላው ዕቃ መጫኛ መዝጊያ ሳይሠራለት ቀረ! በመጀመሪያዎቹ ሄንሪ ጄዮች ሻንጣውን መጫን የፈለገ ሰው የኋላውን ወንበር አጥፎ በውስጥ በኩል ማስገባት ነበረበት። መቼም ድኽነቱን ጎረቤት እንዲያይለት ብሎ ገንዘብ የሚከፍል የለም፤ መኪናዋም በ1954 ዓ.ም. ቀረች።

በዚያው ዓመት የሚስተር ሜሰን ኩባንያ ከሀድሰን ጋር ተዋሕዶ አሜሪካን ሞተርስ ተባለ፤ ሚስተር ሜሰንም ወዲያው ዐረፉና ሚስተር ጆርጅ ሮምኒ ተተኩ። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው በብሪታንያ የሞርሞን ሃይማኖት ሰባኪ ነበሩ፤ ስብከቱንም አልተዉትም። ትልልቆቹን መኪናዎች ዳይኖሰር እያሉ በየአገሩ እየዞሩ ይነቅፉ ጀመር። በ1958 ዓ.ም. የአሜሪካ ኢኮኖሚ ሲዳከም፣ ተትቶ የነበረውን የድሮውን ራምብለር ጥቂት አሻሽለው ራምብለር አሜሪካን በሚል ስም እንደገና አወጡት። ሌላው ሲከስር እርሳቸው አተረፉ። በ1961 ዓ.ም. ራምብለር በመላው አሜሪካ ሽያጭ ሦስተኛ ሆነ። ከባሕር ማዶ ደግሞ የጀርመኑ ፎልክስዋገን ይጎርፍ ነበር፤ በ1959 ዓ.ም. በአሜሪካ ከተሸጡት ዐሥር መኪናዎች አንዱ ያህል የውጭ አገር ሥራ ነው። ሦስቱ ኩባንያዎች የነቁት ይኸኔ ነው።

ከሦስቱ መኪናዎች የክራይዝለሯ ቫሊያንት ወደ ጎን ባዘነበለው ጠንካራ ሞተሯ ትታወቃለች፤ በዲናሞ ፈንታ አልተርኔተር በመያዝም ከአሜሪካ መኪናዎች ቀዳሚ ናት። የፎርዷ ፋልከን የሚስተር ሮበርት ማክናማራ ሥራ ናት። እርሳቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአየር ኃይል ውስጥ ቁጥር በመቀመር ያገለገሉ፣ መኪናን ከውበቱ ይልቅ በሒሳቡ የሚመዝኑ ሰው ነበሩ። ፋልከንም እንደ እርሳቸው ናት፤ አዲስ ነገር የላትም፤ ማንኛውም ጋራዥ ይፈታታል፣ ማንኛውም ጋራዥ ይገጥማታል። በመጀመሪያው ዓመት ከ400,000 በላይ ተሸጠች። ሚስተር ማክናማራ በኅዳር 1960 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ጥቂት ሳምንት እንደ ቆዩ ሚስተር ኬኔዲ ጠርተው የመከላከያ ሚኒስትር አደረጓቸው።

የሸቭሮሌዋ ኮርቬር ግን ሌላ ፍጥረት ነበረች። የሸቭሮሌ ክፍል ኃላፊ የነበሩት መሐንዲሱ ሚስተር ኤድ ኮል ሞተሩን ከፊት አንሥተው ከኋላ አደረጉት። ስድስቱን ሲሊንደር ሦስት ሦስት አድርገው በግራና በቀኝ አጋደሟቸው፤ ሞተሩም ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ በነፋስ የሚበርድ ሆነ። ራዲያተር የለም፤ በብርድ ጊዜ የሚረጋ ውሃ የለም። ርዝመቷ 4 ሜትር ተኩል ያህል ስለ ሆነ በእኛ ዓይን ትንሽ ላትባል ትችላለች፤ በዲትሮይት ግን ጉድ ተባለላት። ሞተር ትሬንድ የተባለው መጽሔትም የዓመቱ መኪና ብሎ መረጣት።

ችግሩ ያለው ከሥር ነው። የኋላ ጎማዎቹን የያዙት ሁለት ዘንጎች የሚታጠፉት በመካከል፣ በዲፈረንሻሉ ጎን ብቻ ነበር፤ በጎማው በኩል መታጠፊያ የላቸውም። ስለዚህ ዘንጉ ከፍና ዝቅ ሲል ጎማው አብሮ ያዘነብላል። ሹፌሩ በፍጥነት ኩርባ ሲዞር የመኪናዋ ኋላ ከፍ ሊልና የውጭው ጎማ ወደ ሥር ሊታጠፍ ይችላል፤ ጎማው መሬቱን በጠርዙ ብቻ ሲይዝ ኋላዋ ፊቷን ልቅደም ይላል። ፎልክስዋገንም በዚሁ ዓይነት ዘንግ የሚሄድ ነበረ፤ ኮርቬር ግን ክብደቷም ጉልበቷም ይበልጣል።

ይህን የምታቃልል አንዲት የብረት ዘንግ አለች። በፊት ጎማዎች መካከል ተጋድማ የመኪናውን ማዘንበል ትቀንሳለች። መሐንዲሶቹ ያውቋታል፤ ነገር ግን ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ኮርቬር ያለ እርሷ ወጣች። በምትኩ የታመነው የጎማ ነፋስ ነው። የፊቶቹ ጎማዎች 15 ፓውንድ፣ የኋላዎቹ 26 ፓውንድ እንዲነፉ ከመኪናዋ ጋር በሚሰጠው መጽሐፍ ተጻፈ። እስቲ አንባቢ ይፍረድ! መጽሐፉን አንብቦ ያስታወሰ ባለ መኪና ስንት ነው? በየቤንዚን ማደያው አራቱን ጎማ እኩል መንፋት የለመደውስ ልጅ 15 ሲሉት ጎማው ተነፍሷል ብሎ አይሞላውምን? ፋብሪካው ያልፈጸመውን ሥራ ለቤንዚን ቀጂ ማስተላለፍ ነው እንጂ ይህ ሌላ ስም የለውም።

በ1964 ዓ.ም. ዘንጓ ገባች፤ ከኋላም አንድ ባሌስትራ ተጨመረ። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ የኋላው አሠራር ከነጭራሹ ተለወጠ። ራልፍ ኔደር የተባለው የ31 ዓመት ጠበቃ ስለ መኪና አደጋ የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው ከዚህ በኋላ፣ በኅዳር 1965 ነው፤ የመጀመሪያውም ምዕራፍ በኮርቬር ላይ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ ለመጽሐፉ መልስ በመስጠት ፈንታ የግል ሰላዮች ቀጠረ። ሰላዮቹም ኔደርን ሥራ ሊቀጥረው የፈለገ ሰው አለ እያሉ ወዳጆቹን ስለ ጠባዩ ይጠይቁ ጀመር። ነገሩ ተገለጠና በመጋቢት 1966 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሚስተር ጄምስ ሮች በሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ። በመስከረም ወር ፕሬዚዳንት ጆንሰን የመኪና ደኅንነት ሕግን ፈረሙ። ኔደርም ኩባንያውን ከስሶ በ1970 ዓ.ም. 425,000 ዶላር በስምምነት ተከፈለው።

ለኮርቬር መሞት ግን መጽሐፉ ብቻውን ምክንያት አይደለም። ሞንዛ የተባለችው የኮርቬር ዓይነት ወጣቶች ለየብቻ ወንበር ያላት፣ ፈጠን የምትል ትንሽ መኪና እንደሚወዱ አሳየች፤ ፎርድም ይህን አይቶ በዚያችው በተራዋ ፋልከን አካል ላይ አዲስ ልብስ አልብሶ በሚያዝያ 1964 መስታንግን አወጣ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 22,000 ሰው አዘዘ። በ1965 ዓ.ም. ከ200,000 በላይ ትሠራ የነበረችው ኮርቬር በ1969 ዓ.ም. 6,000 ብቻ ተሠርታ በግንቦት ወር ቆመች። ፋልከን በአርጀንቲና እስከ 1991 ዓ.ም. ስትሠራ ኖራለች።

በ1972 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ1960 እስከ 1963 የተሠሩትን ኮርቬሮች ፈትኖ በዘመኑ ከነበሩት ሌሎች መኪናዎች የባሱ አይደሉም ሲል ሪፖርት አወጣ። ኔደር አልተቀበለውም፤ የኮርቬር ወዳጆች ግን እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል። ለእኔ ከሪፖርቱ ይልቅ የሚናገረው የ1964ቱ መኪና ነው። ገና ሕግ ሳይወጣ፣ በዚያው ፋብሪካ፣ በዚያችው መኪና ላይ ዘንጓ ገባች፤ በ1960 ዓ.ም. ልትገባ ያልቻለችበት ምክንያት የብረት ሥራ ዕውቀት ማነስ አልነበረም።