ኢንሱሊን «የለም» ሲባል ገበሬው ባዶ ብልቃጥ ይዞ እንዳይመለስ

በድሬዳዋ ከተማ የከፊራ ገበያ ገና በማለዳው ይሞላል። ከዋሂል፣ ከቢዮ አዋሌ፣ ከለገኦዳና ከሌሎችም የገጠር ቀበሌዎች የሚመጣው ገበሬ ማሽላውን፣ አትክልቱንና ፍየሉን ይዞ ይወርዳል። ከዚህ ሕዝብ መካከል ለመሸጥም ለመሸመትም ሳይሆን ባዶ የኢንሱሊን ብልቃጥ በኪሱ ይዞ የሚመጣ ሰው አይታጣም።

እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ከቤቱ የሚነሣው በአካባቢው ካለ ጤና ጣቢያ «መድኃኒቱ የለም፤ በሚመጣው ወር ተመለስ» ተብሎ ሊሆን ይችላል። ወዴት መሄድ እንዳለበት፣ ማንን መጠየቅ እንደሚገባው፣ እስከዚያው ምን ማድረግ እንደሚኖርበት አልተነገረውም። ወረቀትም አልተጻፈለትም። ከተማ ሲደርስ አንዱ መድኃኒት ቤት ማዘዣ አምጣ ይለዋል፤ ሌላው የሚጠራለት ዋጋ ከአቅሙ በላይ ይሆናል፤ በዚህ መካከል ቀኑ ይመሻል።

ሌላ መድኃኒት ቢሆን አንድ ወር መታገሥ ይቻል ይሆናል። ኢንሱሊን ግን ቀን አይሰጥም። ሰውነቱ ኢንሱሊን የማያመነጭ ሰው መድኃኒቱ በተቋረጠበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለሆነም ነገሩ ለሕመምተኛውና ለቤተሰቡ ብቻ የሚተው ሳይሆን የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሊያውቁትና ሊያግዙበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

የሀብታም በሽታ ብቻ አይደለም

በገጠር ስኳር በሽታ የከተማ ሰውና የሀብታም በሽታ ነው የሚል አስተሳሰብ አለ። የጎንደርና የጅማ ሐኪሞች ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጽሑፍ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙዎቹ ሕመምተኞች ከሲታና ድሃ ገበሬዎች ሆነው ተገኝተዋል። ብዙ ውኃ የሚጠጣ፣ ሽንቱ የሚመላለስበትና እየበላ የሚከሳ ጎልማሳ «ተደግሞበት ነው» ወይም «የሳንባ በሽታ ነው» እየተባለ ጊዜ የሚያልፍበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው በጥር ወር 1914 ዓ.ም. በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ምግብ እየተቀነሰበት ሞቱን ከመጠበቅ በቀር አማራጭ አልነበረውም። ኢንሱሊን የተቋረጠበት የገጠር ሰው የሚመለሰው ወደዚያ ዘመን ነው።

ብልቃጡ የሚያልቅበትን ቀን ማወቅ

ችግሩን ለመከላከል የመጀመሪያው እርምጃ ሒሳብ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የያዘ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ በጠቅላላው 1000 ዩኒት አለው። ጧት 25፣ ማታ 15 ዩኒት የታዘዘለት ሰው በቀን 40 ዩኒት ስለሚወስድ ብልቃጡ በ25 ቀን ያልቅበታል። እንግዲህ ይህ ሰው መድኃኒቱን መፈለግ ያለበት በ25ኛው ቀን ሳይሆን ቢያንስ ዐሥር ቀን አስቀድሞ፣ ማለትም በ15ኛው ቀን ነው። «የለም» የሚለው መልስ ዐሥር ቀን በእጅ እያለ ቢመጣ መፍትሔ የሚፈለግለት ችግር ይሆናል። ብልቃጡ ባለቀ ዕለት ቢመጣ ግን አደጋ ነው።

በክረምት ይህ ቀን መርዘም ይኖርበታል። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሞልቶ በከተማው ላይ ያደረሰው ጥፋት አይረሳም። ጎርፍ መንገድ ሲቆርጥ መድኃኒትም አብሮ ይቆረጣል።

ኢንሱሊኑ እንዲበረክት ብሎ መጠኑን በግምት መቀነስ ወይም ቀን እየዘለሉ መውጋት አይገባም። ዓይነቱን መለወጥም እንዲሁ አደገኛ ነው። ቶሎ የሚሠራው፣ ቀስ ብሎ የሚሠራውና ሁለቱ የተቀላቀሉበት የተለያዩ ስለሆኑ፣ የተገኘው ከታዘዘው ዓይነት የተለየ ከሆነ መጠኑን መወሰን ያለበት የጤና ባለሙያ ነው።

የሲሪንጁም ጉዳይ መታወቅ አለበት። ባለ 100 ዩኒት ኢንሱሊን በባለ 100 ሲሪንጅ ብቻ ይቀዳል። በስሕተት ለባለ 40 ኢንሱሊን በተሠራ ሲሪንጅ ቢቀዳ ሕመምተኛው የሚወስደው ከታዘዘለት ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል፤ ይህም ሰውን ራሱን ሊያስት ይችላል።

«የለም» ሲባል ምን ይደረግ?

ሕመምተኛው «የለም» ሲባል ከጤና ጣቢያው ባዶ እጁን መውጣት የለበትም። ሊጠይቃቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የኢንሱሊኑ ዓይነት፣ መጠንና ሲሪንጁ በግልጽ የተጻፈበት ማዘዣ ነው። ሁለተኛው መድኃኒቱ ወደሚገኝበት ሆስፒታል የሚልክ የሪፈር ወረቀት ነው። ሦስተኛው መድኃኒቱ መቼ እንደሚመጣና በአቅራቢያ የትኛው ጤና ጣቢያ እንዳለው የሚገልጽ ቁርጥ ያለ መልስ ነው። በክፍሉ ያለው ሠራተኛ እንቢ ካለ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ ማነጋገር፣ በዚያም ካልተፈታ ጉዳዩን ለጤና ቢሮ ማቅረብ ተገቢ ነው። በዚህ ጊዜ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወይም የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አብሮ ቢገኝ መልሱ ይፈጥናል።

የሪፈሩ ወረቀት ሌላም ጥቅም አለው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው ያለ ሪፈር ወደ ሆስፒታል ቢሄድ ወጪውን ከኪሱ እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል። ወረቀቱን ይዞ በከተማው ወደሚገኘው ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ወይም 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ሐረር መሄድ ይቻላል። ከግል መድኃኒት ቤት መግዛት ግድ ከሆነም ከአንዱ በላይ ዋጋ መጠየቅ፣ የመጠቀሚያ ጊዜው አለማለፉን ማየትና ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል።

የደም ስኳር መለኪያ ለመግዛት ያሰበ ሰው ከመሣሪያው ዋጋ ይልቅ የስትሪፑን ዋጋና መገኘት አስቀድሞ ይጠይቅ። የአንዱ መሣሪያ ስትሪፕ ለሌላው አይሆንምና ስትሪፕ የሌለው መሣሪያ ከጌጥ አይለይም። ጣት የሚወጋበት መርፌ ደግሞ በምንም ምክንያት ከሰው ሰው መተላለፍ የለበትም።

ሸክላና እርጥብ አሸዋ

በብዙ ልፋት የተገኘ መድኃኒት በሙቀት ቢበላሽ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። እንዲረጋ ማድረግ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም።

ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ሁለት የሸክላ ዕቃ ይበቃል። ትንሹ በትልቁ ውስጥ ተቀምጦ በመካከላቸው አሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው ጧትና ማታ በውኃ ይርሳል፤ አፉም በእርጥብ ጨርቅ ይከደናል። ብልቃጡ ውኃ እንዳይገባበት በላስቲክ ተጠቅልሎ በትንሹ ሸክላ ውስጥ ይቀመጣል። ውኃው እየተነነ ሲሄድ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በኬንያ የዳጋሃሌ የስደተኞች ጣቢያን ሙቀት መሠረት አድርገው እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ጥናት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት ለአራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ይህ ለድሬዳዋ ቆላ የሚያጽናና ነው። ፀሐይ ላይ፣ ምድጃ አጠገብ ወይም በመኪና ውስጥ መተው ግን ከዚህ ጋር የሚቆጠር አይደለም።

ማኅበሩ ምን ሊያደርግ ይችላል?

በጎንደርና በጅማ አካባቢዎች ከ20 ዓመት በላይ አስቀድሞ የተጀመረው ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሕመምተኛው ቀን ተጉዞ ሆስፒታል ከሚመጣ ይልቅ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶች ሠልጥነው ክትትሉ በአቅራቢያው እንዲሰጥ ተደረገ። የዚህ ሥራ ትምህርት ግልጽ ነው፤ የሕመምተኛውን ጉዞ ማሳጠር መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ማድረግ ነው።

የገበሬ ማኅበር መሪዎችም ጉዞውን ማሳጠር ይችላሉ። በቀበሌው ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎችን በፈቃዳቸው መዝግቦ መያዝ፣ የእያንዳንዱ ብልቃጥ የሚያልቅበትን ቀን ማወቅ፣ ወደ ከተማ በሚወርድ አንድ የታመነ ሰው የሁሉንም ማዘዣ መላክ ከፍ ያለ ወጪ አይጠይቅም። የጤና መድኑ መዋጮ እህል በገባበት ወቅት እንዲከፈል ማስታወስ፣ መክፈል የማይችል ድሃ ቤተሰብ ደግሞ መንግሥት ከሚከፍልላቸው ዝርዝር እንዳይዘነጋ ማድረግ የመሪዎች ድርሻ ነው። አፎሻውም እንደ ዕድሩ ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለአንድ ብልቃጥ የሚሆን ብድር ቢያዘጋጅ ቀብርን ማራቅ ይችላል።

በመጨረሻ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ኢንሱሊን የተቋረጠበት ሰው ካስታወከ፣ ሆዱን ካመመው፣ ትንፋሹ ከፈጠነና ከፈዘዘ፣ ማዘዣም ሆነ ስብሰባ መጠበቅ አያስፈልግም። በዚያው ሌሊት በተገኘው ማጓጓዣ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ብልቃጡ ሳያልቅ ቀኑን የቆጠረ ማኅበር ግን እንዲህ ያለውን ሌሊት ከአባሎቹ ደጅ ሊያርቅ ይችላል።